አገራችንን ማን ቀረጻት?

ውድ እህቶቼ፣ ባለፈው ጁምዓ ስንገናኝ "አንቺም አንድ ነገር ጻፊ እንጂ" ብላችሁ ስለጎተጎታችሁኝ ይኸው ብዕር አንስቻለሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ስህተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ። የምጽፈው ስለ ፊልም ነው። ስለ አክተሮች ፍቅርና ፀብ ግን አይደለም። ፊልም ሠሪዎች አንድን አገር ለምን መርጠው እንደሚሄዱ፣ ወደ እኛ አገር መቼ እንደመጡና ለምን እንደቀሩ ነው። ሪቃይ ውስጥ ሰው ቤት ልብስ የምተኩስ ሴት ይህ ምን አገባት እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን "ዓ.ም." እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ካውያ ይዤ ነው። የምሠራበት ቤት ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት አሉ፤ አሮጊቷን ማማ ነው የምላቸው። አንድ ማታ ማማ ቴሌቪዥን ከፍተው የእንስሳት ፊልም እያዩ እኔ ከኋላቸው ዲሽዳሻ እተኩሳለሁ። ቀና ስል ገደል አየሁ። ገደሉ ጫፍ ላይ ደረቱ ቀይ የሆነ ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። እህቶቼ፣ ያንን ገደል አውቀዋለሁ! እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ስሜን ተራራ ጓሯችን ነው። ካውያውን አስቀምጬ "ማማ፣ ይሄ አገሬ ነው! የእኔ አገር ነው!" ብዬ ጮህኩ።

መካከለኛው ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከስልኩ ቀና ብሎ "ኢትዮጵያ እንደዚህ አይደለችም። ኢትዮጵያ በረሃ ናት፤ ሰው ይራብባታል" አለኝ። በክፋት አይደለም የተናገረው፤ ሒሳብ እንደሚያርም ተማሪ ነው ያለው።

መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህ ልጅ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፤ የተወለደው ከዚያ ረሃብ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነው። ታዲያ በረሃውን ማን አሳየው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በስልኬ ማንበብ ያዝኩ። አገር ቤት መምህርት የነበረች አንዲት እህታችንም ጁምዓ ጁምዓ ያልገባኝን ታስረዳኝ ነበር። ያገኘሁትን ነው የምነግራችሁ።

አስቀድሜ የአባቴን ነገር ላንሳ። አባቴ በቅሎ ጫኝ ነው። ስሜን ፓርክ የሚገባ እንግዳ ከደባርቅ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ ሕፃን ሳለሁ አንድ ጊዜ የፊልም ሰዎች መጡ። በበቅሎዎቹ ላይ የተጫነው ድንኳን ብቻ አልነበረም፤ እንደ ሬሳ ሣጥን የሚከብዱ ጥቁር ሣጥኖችም ነበሩ። ሰዎቹ ሳንቃ በርና ጨነቅ ላይ ሰፍረው ጭላዳ ሲጠብቁ ብዙ ቀን ከረሙ። አባቴ በዚያ ገንዘብ የቤታችንን ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ቀየረው። ፊልሙን ግን እስከ ዛሬ አላየውም፤ ስሙንም የነገረው የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ፊልም ሠሪ አገር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። በአንድ ጉዞ ብዙ ዓይነት ቦታ ካገኘ ወጪው ይቀንስለታል። በዚህ በኩል ፈጣሪ ለእኛ አልሰሰተም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨው የሚፈላበት ቦታ ነው። ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በመካከል የኤርታ አሌ እሳት፣ የጎንደር ግንብ፣ የላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ የሐረር ግንብና ጠባብ መንገድ፣ የጣና ገዳማት፣ የኦሞ ሸለቆ አለ። ይህንን እንግሊዞቹ በደንብ አውቀውታል። ቢቢሲ በ2006 ባሳየው "ፕላኔት ኧርዝ" በተባለው ተከታታይ ፊልም የተራሮቹ ክፍል ላይ ኤርታ አሌም የስሜን ጭላዳም አሉበት። በ2016 ሁለተኛው ሲወጣ ደግሞ ስለ ከተሞች በሚናገረው ክፍል የሐረር ጅቦች በጠባቡ መንገድ ሲመላለሱ ይታያሉ።

ታዲያ መልካችን ይህን ያህል ካማረ የዓለም ፊልም ሁሉ ለምን እኛ ጋ አይሠራም? እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ 1973 መመለስ አለብን።

በዚያ ዓመት ኤምጂኤም የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ "ሻፍት ኢን አፍሪካ" የሚባል ፊልም አወጣ። ሻፍት የሚባለውን ጥቁር አሜሪካዊ መርማሪ የሚጫወተው ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው፤ ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን የእኛው ደበበ እሸቱም ተጫውቶበታል። ታሪኩን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። በሥራ ስም ወጣት አፍሪካውያንን አታልለው ወደ ፈረንሳይ የሚወስዱ፣ እዚያም በርካሽ ጉልበታቸውን የሚበሉ ደላሎች አሉ፤ ሻፍት ከተሰዳጆቹ እንደ አንዱ ሆኖ ገብቶ ያንን መረብ ይበጥሳል። ከ50 ዓመት በፊት፣ በእኛው አገር፣ ስለ እኛው ጉዳይ! ያኔ ኢትዮጵያ ለፊልሙ ጥሩ ጀርባ ነበረች። ዛሬ የዚያ ፊልም ታሪክ የስንቶቻችን ታሪክ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ መክተብ ደጃፍ ፓስፖርቷን ይዛ የተቀመጠች ሁሉ ታውቀዋለች።

በዚያው በ1973 ግን ሌላ ካሜራም ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ወሎ ላይ ረሃብ ብዙ ሕዝብ እየፈጀ ነበር፤ መንግሥትም ይሸፋፍነው ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት ወር "ያልታወቀው ረሃብ" ብሎ ለአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። እርዳታ መጣ፤ መንግሥቱም ተናጋ። በቀጣዩ ዓመት ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ ግብዣና ድግስ ጋር እያፈራረቀ ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ምሽት ለሕዝብ አሳየው። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አያቴ "ንጉሡን በቴሌቪዥን ገለበጧቸው" ትል ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ አሁን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ዓመት ሁለት ካሜራ መጣ። አንዱ አገራችንን ለታሪክ ማጀቢያ ፈለጋት፤ ሁለተኛው የተደበቀ ሞት አወጣ። ሁለተኛው ባይመጣ ኖሮ ስንት ሰው በዝምታ ያልቅ ነበር? ስለዚህ ረሃባችንን የቀረጹትን ሁሉ መርገም አልችልም። ችግሩ ሌላ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ቀይ ሽብርና ጦርነት መጣ፤ እንደ ሻፍት ያለው ካሜራ ቀረ። ሞት የሚቀርጸው ብቻ ተመለሰ።

እሱም የተመለሰው በ1984 ነው። ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረም ገብተው የቀረጹት ጥቂት ደቂቃ ጥቅምት 23 ቀን ተላለፈ። በዓለም ዙሪያ ብዙ መቶ ጣቢያዎች ደጋገሙት። በቀጣዩ ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ውስጥ "ላይቭ ኤይድ" የተባለው ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። ያ ፊልም ነፍስ አድኗል፤ መሐመድ አሚንን እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። እሱም በ1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ነው የሞተው። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ስላልተከተለው ያ ጥቂት ደቂቃ የአገራችን ፓስፖርት ፎቶ ሆኖ ቀረ። ይኸው አርባ ዓመት አልፎት ሪቃይ ደርሶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያስተምራል።

የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከዚያ ወዲህ የእኛን ታሪክ ሲሠሩ እንኳ እኛ ጋ አይመጡም። አንጀሊና ጆሊ የተጫወተችበት በ2003 የወጣው "ቢዮንድ ቦርደርስ" ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ያሳያል፤ ያ የኢትዮጵያ በረሃ የተቀረጸው ናሚቢያ ነው። ከእኛ ጎንደርና ስሜን በሱዳን አድርገው ወደ እስራኤል ስለወጡት ቤተ እስራኤላውያን የተሠራው "ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት" በ2019 ሲወጣ እሱም የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ጎረቤታችን ሶማሊያም አላመለጠች፤ ስለ ሞቃዲሾ ውጊያ የሚያወራው "ብላክ ሃውክ ዳውን" ሞሮኮ ውስጥ ነው የተሠራው። አገሩ የእኛ፣ እንጀራው የሌላ!

ለምን? እነዚያ አገሮች ከእኛ ስላማሩ አይደለም። ደጃፋቸው ላይ የሚቀበል ሰው ስላለ ነው። ሞሮኮ ዋርዛዛት የምትባል የበረሃ ከተማ አላት፤ በ1983 አትላስ የሚባል ስቱዲዮ ተከፈተባት። እዚያ ያሉ አናጺዎች የጥንት ሮምንም የግብፅንም ከተማ በጂፕሰምና በእንጨት መገንባት ተምረዋል፤ "ግላዲያተር"ም ዋርዛዛት አካባቢ ተቀርጿል። ዮርዳኖስ ዋዲ ረም የሚባል ቀይ ሸለቆ አላት፤ በ1962 የወጣው "ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ" እዚያ ተሠራ። በ2003 ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ብሎ የንጉሣዊ ፊልም ኮሚሽን አቋቋሙ። "ዘ ማርሺያን" ላይ ያ ሸለቆ ማርስ ሆኖ ተጫውቷል! አቡ ዳቢ "እዚህ ካወጣችሁት 100 ብር 30ውን እመልስላችኋለሁ" እያለች ጠርታ "ስታር ዋርስ"ን በረሃዋ ላይ አስቀርጻለች። ሳዑዲም 40 በመቶ እመልሳለሁ ብላ አልዑላን ከፍታለች፤ በ2023 የወጣው ስለ አፍጋኒስታን የሚተርከው "ካንዳሃር" የተቀረጸው እዚያ ነው።

አሠራሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የፊልም ቡድን ሲመጣ መቶም ሁለት መቶም ሰው ነው። ፈቃዱን በአንድ ቢሮ ይጨርሱለታል። ካሜራውና መብራቱ ተመልሶ የሚወጣ ዕቃ ስለሆነ ያለ ቀረጥ ያስገቡለታል። ሰላምና መንገድ ያረጋግጡለታል። እሱ ደግሞ በምላሹ ሆቴል ይይዛል፣ መኪና ይከራያል፣ ሾፌር፣ አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዘበኛ፣ አጃቢ ተዋናይ ይቀጥራል። ለዚያ ሁሉ ሰው ቁርስና ምሳ የሚያበስል፣ የተዋናዮቹን ልብስ የሚያጥብና የሚተኩስ ሰውም ይፈልጋል። አያችሁ እህቶቼ፤ እኛ እዚህ የምንሠራው ሥራ እዚያም አለ። ዋርዛዛት ያለች ልጅ ያንን ሥራ ሠርታ ማታ እናቷ ቤት ትገባለች።

የኩዌትን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ የምንኖረው እዚህ ነውና። ኻሊድ አል ሲዲቅ የሚባል ኩዌታዊ ዳይሬክተር በ1972 "ባስ ያ ባሕር" የተባለውን የአገሩን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ሠራ። ዘይት ከመገኘቱ በፊት ኩዌቶች ሉል ፍለጋ ባሕር እየጠለቁ እንዴት ይሞቱ እንደነበር፣ በዕዳ እንዴት ይታሰሩ እንደነበር ያሳያል። በ1976 ደግሞ የሱዳናዊውን ደራሲ የጠይብ ሷሊሕን "የዘይን ሠርግ" ሊሠራ ሱዳን ሄደ፤ እዚያው ቀረጸው። አንድ የባሕረ ሰላጤ ሰው ለጎረቤታችን መንደር ክብር ሰጥቶ፣ ታሪኳን በራሷ መሬት ሠራላት።

ኩዌትም ግን እንደ እኛው ክፉ ቀኗን ተቀርጻለች። በነሐሴ 1990 ኢራቅ ወረረቻት፤ ሲወጡ ከ600 በላይ የዘይት ጉድጓዶች አቃጠሉ። የመጨረሻው እሳት የጠፋው በኅዳር 1991 ነው። ቬርነር ሄርዞግ የተባለ ጀርመናዊ ያንን እሳት ቀርጾ በ1992 ፊልም አደረገው፤ አገሩን ሌላ ፕላኔት አስመስሎ ነው ያሳየው። ስለዚያ ጦርነት የተሠራው የሆሊዉዱ "ስሪ ኪንግስ" ደግሞ አሜሪካ በረሃ ውስጥ ተቀረጸ።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ማማን እግራቸውን እያሸሁ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ጠየቅኳቸው። "ማማ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ኩዌት ሲባል ምን ይመጣበታል?" ትንሽ ዝም አሉ። "ዘይት። ከዚያ ጦርነት፣ እሳት" አሉ። ያኔ እሳቸው እዚሁ ነበሩ፤ ቀኑ እንዴት እንደጨለመ፣ ልብስ ሲያሰጡ እንዴት ጥላሸት ለብሶ እንደሚወርድ ነገሩኝ። "ኩዌት ግን እሳቱ ብቻ ናት?" አልኳቸው። "ወላሂ አይደለችም" አሉ። "እኛም ረሃቡ ብቻ አይደለንም" አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ማታ ልጁን ጠርተው በዐረብኛ ብዙ ነገር ነገሩት፤ ሁሉም አልገባኝም። ግን በማግሥቱ መጥቶ "ያ ዝንጀሮ ስሙ ማነው?" አለኝ። "ጭላዳ" አልኩት። ሦስት ጊዜ ደገመው።

ደስ የሚለው፣ የራሳችን ልጆችም ዝም አላሉም። የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የተባለውን ፊልም በአብዮቱ ዘመን አገር ቤት ቀርጾ በ1976 አወጣው፤ የገበሬውን ኑሮ ነው የሚያሳየው። በ2008 "ጤዛ" ቬኒስ ላይ ሽልማት አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካን ትልቁን የፊልም ሽልማት ወሰደ። በ2014 ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ስለ ጠለፋ "ድፍረት"ን ሠራ፤ ያቺው አንጀሊና ጆሊ በስሟ ደገፈችው። በናሚቢያ በረሃ የጀመረች ሴት በአሥር ዓመቷ በኢትዮጵያውያን እጅ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠራ ፊልም ጎን ቆመች ማለት ነው። በ2015 የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" ካን በተባለው ትልቁ ፌስቲቫል በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ የደጋችንን ተራራ በአንድ ልጅና በበጉ ዓይን ያሳያል። በዚያው ዓመት ዳሎል ላይ የተቀረጸው "ክራምብስ"ም ወጣ፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው። መንግሥትም በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፊልም ፖሊሲ አጸደቀ።

ወረቀቱ ደግ ነው። ካሜራ ግን ጥይት ወዳለበት አይመጣም፤ ከመጣም ጥይቱን ሊቀርጽ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት እስከ እኛ አካባቢ ደረሰ። እሱ በረደ ስንል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ተነሣ። አሁን አባቴን ስደውል "በቅሎዎቹስ?" እላለሁ። ሁለቱን ሸጧቸዋል። እኔ ደባርቅን ለቅቄ የወጣሁት የአሥረኛ ክፍል ውጤት ስላልመጣልኝ ነው። ታናሽ እህቴ ግን ውጤት መጥቶላትም ሥራ የለም፤ "ልምጣ ወይ?" ትለኛለች። ጥቁሩ ሣጥን ዛሬም ቢመጣ ኖሮ ወጥ ሠሪ ትሆን ነበር፣ አስጎብኚም ትሆን ነበር። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ለዚህ ነው ይህ ነገር ያገባኛል ያልኳችሁ። ገደሉ እዚያው አለ፤ ጭላዳውም አለ። የጎደለው ሰላምና ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚቀበል፣ የሚቀጥር፣ "ታሪኩን እንዲህ ተርከው" የሚል የራሳችን ሰው ነው።

እኛስ እዚህ ሆነን ምን እናድርግ? ፊልም ኮሚሽን ማቋቋም አንችልም። ግን በያለንበት ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ አገራችን ስትመጣ ዝም አንበል። የቦታውን ስም እንናገር፦ ይሄ ጨነቅ ነው፣ ይሄ ሐረር ነው፣ ይሄ ኮረም ነው፣ ኮረም ዛሬም ሰው ይኖርበታል እንበል። እንዲህ ያለው ልጅ ነገ ያድጋል። ማን ያውቃል፣ እንደ ኻሊድ አል ሲዲቅ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ይወጣው ይሆናል።

ያንን ማታ ያየሁትን ፊልም በኋላ በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት። አባቴ ጥቁር ሣጥኖቹን የጫነላቸው ሰዎች የሠሩት ይሁን ሌላ አላውቅም። ቢሆንም ላክሁለት። መረቡ ደካማ ስለሆነ ሁለት ቀን ፈጀ። ሲደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ "በቅሎዎቹ አይታዩም እንዴ?" ብሎ ነው። አይታዩም አልኩት። "ከካሜራው ኋላ ነበርና" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ገደሉ ግን አምሯል" አለኝ።